በረቡዕና በዓርብ ሰላም የማይባል ሰው

ሰው ከሥራ ሲባረር አይቻለሁ፤ ከቤት ሲባረርም አይቻለሁ። ከሰላምታ የተባረረ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ግን አስተዋውቁኝና አብረን እንተክዝ፤ እስካሁን ያገኘሁት ራሴን ብቻ ነው። የተባረርኩት ላሊበላ ከተማ፣ በደርግ ዘመን፣ በሳር ምክንያት ነው። ሳር ስላችሁ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በግ የሚግጠውን ሳር ነው የምላችሁ።

እኔ ደሴ መሐል ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሳር የማውቀው ለበዓል ቤት ውስጥ ሲጎዘጎዝ ነው፤ እሱንም በማግሥቱ ጠርገን እንጥለዋለን። ይህንን ለርዕሰ መምህራችን በግልጽ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን «የሳይንስ መምህር አይደለህ እንዴ?» አለና ነገሩን ዘጋው። ከአውራጃ እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ የአካባቢውን ሀብት በኤግዚቢሽን እንዲያሳይ ታዟል። አንዱ ባልደረባችን የድንጋይ ዓይነት እንዲሰበስብ ተመደበ፤ ለእኔ የሜዳ ዕፅዋት ደረሰኝ። ላሊበላ ላይ ድንጋይ ፈልግ የተባለው ሰውዬ ምን ያህል እንደተንከራተተ መቼም መገመት ትችላላችሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ጠላ ቤት ገባ።

የእኔ ሜዳ ከከተማው በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው አቀበት መሐል ላይ ነው። ሰዉ ነጭ ሜዳ ይለዋል። አፈሩ እንደ ጠመኔ ነጭ ስለሆነ ሴቶች እየቆፈሩ የቤታቸውን ግድግዳ ይቀቡበታል። ጤፍ አያበቅልም፣ ገብስም አያበቅልም። ከሩቅ ሲያዩት የተላጨ ራስ ይመስላል። ቁጢጥ ብለው ሲያዩት ግን ሌላ አገር ነው፤ መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ጦስኙ፣ ማገጡ፣ ሰርዶው፣ ቀበርቾው፣ ስሟን የማላውቃት ብጫ አበባም ጭምር ተጋፍተው ይኖራሉ። ጥሩ አፈር ላይ አንድ ጉልበተኛ ተክል ሁሉን ውጦ ብቻውን ይንሰራፋል፤ እዚህ ችግረኛ አፈር ላይ ግን ማንም ማንንም መግፋት አልቻለም። ይህንን ለፖለቲካ ውይይት ክበብ ሳልናገር በመቅረቴ እስካሁን ራሴን አመሰግናለሁ።

መሰብሰብ ከመጀመሬ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥቼ ስማቸውን ለማወቅ ያገኘሁትን ሁሉ አስቆምኩ። አህያ የሚነዳ ገበሬ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሳር ነው።»

«ይኼስ፣ ባለ ወይን ጠጅ አበባው?»

«እሱም ሳር ነው።»

«ይኼ እሾሃሙ?»

ሰውየው አየኝ፤ አዘነልኝ። «እሱ የማይበላ ሳር ነው» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን ሐሳቤ ሳሩ ላይ አልነበረም፤ እታፈራሁ ላይ ነበር። እታፈራሁ እዚያው ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት የምታስተምር፣ ከሃያ ያለፈች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። በእኔና በእሷ መካከል የነበረው ግንኙነት ጠመኔ ነበር። ክፍሉን ስለቅላት የተረፈኝን ጠመኔ እሰጣታለሁ፤ እሷም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብላ ትቀበለኛለች። በዚህ ብቻ ተነሥቼ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹን የመሩት ቄስ ሞላ ናቸው። አባቷ አቶ ምስጋናው ከክረምቱ ጀምሮ እግራቸውን ታመው መደብ ላይ ውለው የሚያድሩ ሰው ሲሆኑ፣ እሺም እንቢም ሳይሉ «ለማርያም ለት ኑ» ብለው መለሷቸው።

እስከ ማርያም ባለው ጊዜ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ይጠጣል ወይ፣ ይጣላል ወይ፣ ሰው ያከብራል ወይ እየተባለ ይጠየቃል። እንግዲህ በዚያ ሰሞን እኔ ማድረግ የነበረብኝ ከሰው ጋር በደንብ ሰላም መባባል ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ረቡዕ ዋዜማ ጥርሴን አመመኝና ጤና ጣቢያ ሄጄ ተነቀልኩ። በማግሥቱ ጠዋት ጉንጬ አብጦ፣ ጥጥ ጎርሼ፣ አፌን በጋቢ ተሸፋፍኜ፣ መኮትኮቻዬን በእጄ ከረጢቴን በትከሻዬ አድርጌ ወደ ነጭ ሜዳ ወጣሁ። ረቡዕና ዓርብን የመረጥኩት በእነዚያ ቀናት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እንደምን አደርህ» ሲለኝ በእጄ ምልክት እያሳየሁ ሳልመልስ አለፍኩ። አንዲት እንስራ ያዘሉ ሴትዮ መኮትኮቻዬን አዩ፤ የተሸፈነ አፌን አዩ፤ ከዚያ አንድ ነገር እንደገባው ሰው አንገታቸውን ሰብረው ከመንገዱ ወጡልኝ። የጥርስ ሕመም የማያውቅ ሰው የለም ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ ጉንጬ ጎደለ፤ አፌም ተከፈተ። የረቡዕን የሰላምታ ዕዳ ልክፈል ብዬ ፈገግ እያልኩ ወጣሁ። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ አጥር አዞሩ። ባለ አህያው ገበሬ ገና አፌን ሳልከፍት አህዮቹን እየጎሸመ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከፀሐይ በኩል ሲመጡ ጥላቸው ከረጢቴ ላይ ሊያርፍ ሆነ፤ ደነገጡና በዚያ ዕድሜያቸው ዘለው ከመንገዱ ወጡ። ልብሴን አየሁ፤ አልተቀደደም። ትንፋሼን በመዳፌ አሸተትኩ፤ ጥርስ ከተነቀለ ገና ጥቂት ቀን ስለሆነ እሱ ያጠራጥራል። ግን ትንፋሽ በዚያ ርቀት ሰው አያስዘልልም።

ግራ የተጋባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ያ ጠዋት ከእኔ ሸሽቶ ገደል ሊገባ የነበረው ገበሬ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። «እንደምን ዋሉ?» አለኝ፤ ዋልህ አላለም፤ ዋሉ አለኝ። ዕንቁላል በጭድ አድርጎ አምጥቶልኛል። በዚያ ላይ ዝም ብሎ ያየኛል። ያቺን ብጫ አበባ ከኪሴ አውጥቼ «እባክህ ስሟን አስታውሰኝ» ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እሷንማ አንቱ ያውቋታል» ብሎኝ ሄደ። ባለፈው ሳር ነው ያለኝ ሰውዬ ነው እንግዲህ።

ያከራዩኝ እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ባሰባቸው። ዕፅዋቱን በአሮጌ ጋዜጣ መሐል አድርጌ እንዲደርቁ ፍራሼ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ፤ በሰውነቴ እጫናቸዋለሁ ማለት ነው። አንድ ቀን ሊጠርጉ ገብተው አዩዋቸው። ቤቴን አቆሸሽህ ብለው ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ጫማቸውን አውልቀው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ማለት ቀርቶ አንቱ ሆንኩ።

«እትዬ፣ ሰዉ ጠዋት ጠዋት ለምንድን ነው የሚሸሸኝ?» አልኳቸው።

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱ አይወራም። አንቱ ብቻ አፍዎን ይጠብቁ» አሉኝ።

በዚያ ዘመን «አፍህን ጠብቅ» ተብሎ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ ጤንነቱን ይመርመር። ምን ተናገርኩ? የት ተናገርኩ? ክፍል ውስጥ ስለ ፎቶሲንተሲስ ሳስተምር ፀሐይን አብዝቼ አመስግኜ ይሆን? እንዲያው ለመጠንቀቅ ያህል የደረቁትን ተክሎች አውጥቼ ጋዜጦቹን አየሁ። የብጫ አበባዋ ቀለም የሰልፍ ፎቶ ላይ ወጥቶ የሠርቶ አደሩን ሁሉ ፊት አቢጫጭቶታል። ወዲያው ሁሉንም በሌላ ወረቀት ቀየርኩ፤ የስፖርት ገጽ ብቻ ተጠቀምኩ።

በዚህ ጊዜ ነው ለመምህር በቃሉ የነገርኩት። በቃሉ የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምር፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ የየትኛው መደብ ማስነጠስ እንደሆነ የሚያውቅ ባልደረባዬ ነው። እጁን ኋላው አጣምሮ አዳመጠኝ።

«ጠዋት የሚሸሹህ ስለ አንተ አንድ ነገር የሰሙ ናቸው» አለ።

«ከሰዓት በኋላ ዕንቁላል የሚያመጡልኝስ?»

«እነሱም ሰምተዋል። ግን የሰሙት ሌላ ነው።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ወይ ልትታሰር ነው፣ ወይ ልትሾም ነው።»

ሁለቱም ስለሚያስፈሩ የትኛው እንደሚሻለኝ መምረጥ አቃተኝ። በቃሉ መፍትሔም ነበረው። «የሚጠረጠረው ድብቅ ሰው ነው። ግልጽ ሁን። ጠዋት ስትወጣ ሰዉን በየስሙ እየጠራህ ጮክ ብለህ ሰላም በል። የማይመልስልህ ካለ ተከተለው፤ ለምን እንደማይመልስ ፊት ለፊት ጠይቀው» አለኝ። ማርያም ደግሞ እየቀረበች ነው። ይህ ወሬ አቶ ምስጋናው ጆሮ ሳይደርስ መድረቅ አለበት። የበቃሉን ምክር ተቀበልኩ።

የሚቀጥለው ዓርብ ገና ከበር ስወጣ በሙሉ ሳንባዬ «እትዬ ጥሩነሽ፣ እንደምን አደሩ?» አልኩ። «በስመ አብ!» ብለው ቤት ገብተው ዘጉ። እንስራ ያዘሉትን ሴትዮ «እንደምን አደሩ?» ስላቸው አማተቡ። አንድ መነኩሴ ከአሸተን ሲወርዱ አገኘኋቸው፤ ጎንበስ ብዬ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልኩ። እሳቸው ሌባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በል አሉኝ። አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ድምፄን ጨመርኩ። ባለ አህያውማ ሁለት ጣቱን ጆሮው ውስጥ ወትፎ ቁልቁል ሮጠ። እኔም ምክሩን አስታውሼ ተከተልኩት። እንግዲህ እዩት፤ ፊት ፊት አህዮቹ፣ ከኋላ ገበሬው፣ ከሁሉ ኋላ መኮትኮቻ ይዞ «እንደምን አደርህ! እኮ እንደምን አደርህ!» እያለ የሚሮጥ የመንግሥት መምህር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዕንቁላል ያመጣልኝ ሰው አልነበረም።

የማርያም ዕለት ቄስ ሞላ ከአቶ ምስጋናው ቤት ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ተቀመጡ፤ ጠላ ብሰጣቸው አልጠጡም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ምስጋናው ምን አደረገህ?»

«ምን አደረጉኝ?»

«እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ሰውየውን ልትገድለው ለምን ፈለግህ?»

 ልጅ ስጡኝ ባልኩ የሰው ነፍስ እጠየቅ ጀመር።

ቄስ ሞላ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው ነገሩኝ። በአገሩ ልማድ ለመድኃኒት ቅጠል የሚቆርጥ፣ ሥር የሚምስ ሰው ረቡዕ ወይም ዓርብ በጠዋት ይወጣል። ከቤቱ ወጥቶ ቅጠሉን እስኪቆርጥ ድረስ ከሰው አይነጋገርም። ሰውም አያናግረውም፤ ጥላውንም አይጥልበትም። ከተናገረ መድኃኒቱ ይከሽፋል። መድኃኒት ለማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ይታወቃል እንጂ። አቶ ምስጋናው ታመዋል፤ እኔ ልጃቸውን ጠይቄያለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት አፌን ሸፍኜ መኮትኮቻ ይዤ ወጥቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይነገራል?

«ምስጋናው ሲሰማ አለቀሰ» አሉኝ። «ወንድ ልጅ አልነበረኝም፣ አሁን ግን አገኘሁ አለ። ጌሾ አስወቀጠ። አገሩ ሁሉ ላንተ ብሎ አፉን ይዞ ከረመ። አንተ ግን ዓርብ ለት ተነሥተህ እየዞርህ መድኃኒቱን አከሸፍኸው። ባይሆን ዝም ብለህ መተው ነበር። እየሮጡ ማክሸፍ ምንድን ነው?»

«ቄስ ሞላ፣ እኔኮ መድኃኒት አላውቅም። የሳሩን ስም ሁሉ ስጠይቅ አልነበረም?»

«እሱንማ አውቀን እንደሆን ልትፈትነን ነው አልን።»

ሮጬ አቶ ምስጋናው ቤት ሄድኩ። መደባቸው ላይ ጋደም ብለው እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል። እታፈራሁ ጓዳ ውስጥ ናት፤ አላየኋትም፤ ግን የሚንቀሳቀስ ዕቃ ድምፅ ሲቆም እየሰማች እንደሆነ አወቅኩ። እውነቱን ዘረዘርኩ፤ ጥርሴን፣ ክፍለ ጊዜውን፣ ኤግዚቢሽኑን፣ በቃሉን። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሳሩ ለትምህርት ቤት ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ለከብት ነው?»

«አይደለም። አድርቀን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ከአውራጃ እንግዶች መጥተው ያዩታል።»

 «ሳር ለማየት ከአውራጃ ድረስ በመኪና ይመጣሉ?» አሉ። ሲባል ስሰማው ለእኔም ውሸት መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ የሚዋሽ ሰው እንኳ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ እውነት ካልሆነ በቀር ማን ይደፍረዋል።

«ስማ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ከእኔ ጋር ምን እንዳጣላህ አላውቅም። ግን መንገዱን ጀምረኸዋል። ዓርብ ሂድ። አፍህን ይዘህ ሂድ፣ አፍህን ይዘህ ቁረጥ። መድኃኒቱን ይዘህልኝ ከመጣህ ልጄ ልጅህ ናት፤ እንኳን ልጄ ቤቴም ቤትህ ነው። ካልመጣህ ሽማግሌ አትላክብኝ።»

መድኃኒት አላውቅም ብዬ የመጣሁ ሰውዬ ሐኪም ሆኜ ወጣሁ። ምን እንደምቆርጥላቸው ሳስብ ሰነበትኩ። ጦስኝ ወሰንኩ። ጦስኝ ሁላችንም በሻይ እንጠጣዋለን፤ እስካሁን ማንንም አልገደለም፤ ቀቅለው እግራቸውን ቢነክሩበት ቢያንስ እግራቸው ይታጠባል።

ዓርብ ጠዋት ስወጣ እትዬ ጥሩነሽ በሩን ቀድመው ከፍተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። ሴቶቹ እንስራቸውን እንዳዘሉ መንገዱን ለቀው ዳር ይዘዋል። ባለ አህያው አህያዋ እንዳታናፋ አፍንጫዋን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።  ሰላምታ የነፈገኝ መስሎኝ የከረመው ሕዝብ ለካ በዝምታው ሲሸኘኝ ነበር። ይህን ሁሉ ምስጋና በሆዴ ይዤ፣ አፌን ይዤ፣ አቀበቱን ወጣሁ።

ነጭ ሜዳው ጫፍ ላይ እታፈራሁ ተቀምጣለች። ነጭ አፈር የምትወስድ ለመምሰል ቅርጫት ይዛለች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ብቻችንን ሆነን አናውቅም። ቆሜ ቀረሁ።

«አትናገር» አለችኝ። አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። «መናገር እንደማትችል አውቄ ነው የመጣሁ። እናንተ አስተማሪዎች አንዴ ከጀመራችሁ ሰው አታስወሩም።»

መኮትኮቻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ሽማግሌ ላክህ። ወደ አባቴ ላክህ። እኔም እዚያው ቤት ነበርሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ጠላ የቀዳሁ እኔ ነኝ። እታፈራሁ ምን ትላለች ያለ ሰው የለም። አንተም አላልህም።»

እውነቷን ነው። ይህን ለማለት እንኳ አልተፈቀደልኝም።

«እኔ ደሴ ሄጄ የጤና ረዳት ልማር ነው የምፈልግ። ፈተናውን አልፌያለሁ። አባቴን በዚህ እግሩ ትቼህ ልሄድ ነው ማለት አቅቶኝ ደብቄው ነው የከረምሁ። ልታገባኝ ከፈለግህ ተምሬ እስክመለስ ትጠብቀኛለህ። እስከዚያ አባቴን የምታየው አንተ ነህ። ሠርጉ ከዚያ ወዲያ ነው። እንቢ የምትል ከሆነ አሁን ተናገር። ዝም ካልህ ተስማምተሃል።»

እንቢ ብል የአባቷ መድኃኒት ሊከሽፍ ነው። እሺ ብልም ሊከሽፍ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ እሺ ማለት አምሮኝ አያውቅም። እጠብቅሻለሁ፣ አባትሽንም እንደ አባቴ አያለሁ፣ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራስሽን ባለመጠየቄም አፍሬአለሁ ልላት አፌ ድረስ መጣብኝና ራሴን ለመነቅነቅ አንገቴን ዝቅ ማድረግ ስጀምር አየችኝ።

«ራስህንም አትነቅንቅ» አለች ቶሎ ብላ። «እህ ብለህ ትንፋሽም አትሳብ። እሱም እንደ መናገር ይቆጠራል።»

እንደ ግንድ ቆምኩ። እሷ ፊቴን ለጥቂት ጊዜ አየችውና አፈሩን ሳትቆፍር ባዶ ቅርጫቷን አንሥታ ወረደች። እኔ ተንበርክኬ ጦስኙን ቆረጥኩ። ዓይኔ እሷን እየተከተለ ስለነበር ከጦስኙ ጋር ሰርዶም ማገጥም ሳይቆረጥ አልቀረም።

አቶ ምስጋናው ቀቅለው እግራቸውን ነከሩበት። በዚያው ሰሞን የጤና ጣቢያው ድሬሰር በየቀኑ እየመጣ መርፌ ይወጋቸው ነበር፤ ኅዳር ሲገባ በምርኩዝ ተነሥተው ሲሄዱ ግን መርፌውን ያነሣ ሰው አልነበረም። እንግዶቹም መጥተው ኤግዚቢሽኑን አዩ፤ ድንጋዩን ወደዱት። አቶ ምስጋናው ልጃቸውን ፈቀዱልኝ። እኔ ደግሞ ሠርጉ ይቆይና መጀመሪያ ትማር ስላቸው፣ ሊገድለኝ ሞክሮ፣ አድኖኝ፣ አሁን ደግሞ የለመነውን አልቀበልም ይላል ብለው ግራ ገባቸው። ቢሆንም እሷ ሄደች፤ እኔ ጠበቅኩ፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ እግራቸውን አየሁ። ተምራ ስትመለስ ተጋባን።

ከዓመታት በኋላ ቄስ ሞላን መንገድ ላይ አግኝቼ ራስ መነቅነቅ መድኃኒት ያከሽፍ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «የሚከለከል ቃል ነው እንጂ ራስማ ምን አደረገ? ድሮ ስንት ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰላም ሲል አይቻለሁ» አሉኝ።

ቤት ስገባ እታፈራሁ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ የመጀመሪያ ልጃችንን ጡት እያጠባች ታስተኛው ነበር። ቄስ ሞላ ያሉትን ነገርኳት። «ታዲያ ለምንድን ነው የከለከልሽኝ?» አልኳት።

ልጁን እስኪያንቀላፋ ድረስ እሹሩሩ አለችው።

«ራስህን ወዲያና ወዲህ ብታወዛውዘውስ ብዬ ፈርቼ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ልጁ እንዳይነቃ እኔም ዝም ብዬ ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩላት።